በሁለት ቀን አንድ ሸለቆ፦ ስለ ስፔን የተራራ መንደሮች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ዓርብ ማታ ማላጋ ደርሰን መኪና ለመከራየት፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ለመመለስ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠናል። ባለቤቴ ሮንዳን፣ ግራዛሌማን፣ የአልፑሃራ መንደሮችን፣ ከተቻለም አልባራሲንን በካርታው ላይ ምልክት አድርጎባቸው «ሁሉንም እናያለን» ይላል። እኔን ጠመዝማዛ መንገድ ስለሚያጥወለውለኝ አራቱን ቀርቶ አንዱን እንኳ በሰላም የማየው አይመስለኝም። ሁለታችንም መንጃ ፈቃድ አለን። የትኛውን እንምረጥ?

መልስ፦ ለማንም ማዳላት ባልፈልግም በዚህ ክርክር የሚረቱት እርስዎ ነዎት። አልባራሲን የሚገኘው በቴሩኤል አውራጃ ሲሆን ከሮንዳ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ዛሬውኑ ከዝርዝሩ ይሰረዝ። ሮንዳና ግራዛሌማ ግን ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሴቴኒልንና ሳሃራ ዴ ላ ሲዬራን ጨምረው ራሱን የቻለ የሁለት ቀን ጉዞ ይወጣቸዋል። ሮንዳ እ.ኤ.አ. በ1793 በተጠናቀቀውና ከጥልቅ ገደል በላይ በቆመው ድልድይዋ የምታስደንቅ ከተማ ብትሆንም፣ በዕረፍት ቀናት ከባሕር ዳርቻው በአውቶቡስ እየተጫነ የሚመጣው ጎብኚ ስለሚያጥለቀልቃት ለሌላ ጊዜ ብትቆይ ይሻላል። እኔ የምመርጥላችሁ በሲዬራ ኔቫዳ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ የተቀመጡትን የአልፑሃራ መንደሮች ነው፤ ምክንያቴም ግልጽ ነው። መንደሮቹ እጅግ ስለሚቀራረቡ መኪናውን አንድ ቦታ አቁሞ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር መሄድ ይቻላል፤ መኪና ለሚያጥወለውለው ሰው ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም።

ዓርብ ማታ ከማላጋ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታችሁ በባሕር ዳርቻው አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎም ወደ ግራናዳ በሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን ብትነዱ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በሚፈጅ ጊዜ የተራራው በር ከሆነችው ከላንሃሮን ትደርሳላችሁ። እዚያው እደሩ። የማያውቁትን የተራራ መንገድ በጨለማ መውጣት ጥቅም የሌለው ጀብድ ነው፤ ላንሃሮን ደግሞ በማዕድን ውኃዋና በመታጠቢያ ቤቶቿ የምትታወቅ፣ ስፔናውያን አረጋውያን ለጤናቸው ሲሉ የሚመላለሱባት ጸጥ ያለች ከተማ ስለሆነች ማረፊያ አታጡም። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ነዳጁን እዚያ ወይም ኦርሂቫ ላይ ሙሉ።

ከኦርሂቫ ወደ ፓምፓኔይራ የሚወጣው መንገድ አስፋልቱ ጥሩ ቢሆንም መታጠፊያው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ዳገቱን እርስዎ ቢነዱት እመክራለሁ። መሪውን የያዘ ሰው መኪናው ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ ስለሚያውቅና ዓይኑም መንገዱ ላይ ስለሚያርፍ፣ ማጥወልወሉ የሚይዘው ከተሳፋሪው በጣም ባነሰ ሁኔታ ነው። መንዳት ካልፈለጉ ከፊት ተቀምጠው መስኮቱን ከፈት አድርገው አሻግረው ይመልከቱ፤ ስልክዎን አይመልከቱ፣ ካርታውንም ለባለቤትዎ አያንብቡላቸው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ዝቅተኛ ማርሽ ላይ አድርጎ መውረድ እንጂ ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ መውረድ አይገባም። ከኋላ የአገሬው ሰው ተጠግቶ ከመጣም ሰፋ ያለ ቦታ ሲገኝ ጥግ ይዞ ማሳለፍ ነው። ከፍታው ራሱ አያሳስብዎ፤ ካፒሌይራ 1,436 ሜትር ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።

ፓምፓኔይራ፣ ቡቢዮንና ካፒሌይራ በፖኬይራ ሸለቆ አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጡ ሦስት ነጫጭ መንደሮች ናቸው። እዚህ ቤቶቹን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በአብዛኛው የስፔን ገጠር ጣሪያው ቀይ ሸክላ ሲሆን፣ በአልፑሃራ ግን ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ በእንጨት ወራጅና በድንጋይ ንጣፍ ላይ «ላውና» የሚባል ግራጫ የሸክላ አፈር ይደለደላል፤ አፈሩ ሲርስ ተጣብቆ ውኃ አያሳልፍም። አንዳንዱ ቤት ከመንገዱ በላይ ተሻግሮ ከፊት ለፊቱ ቤት ጋር ስለሚገናኝ ከሥሩ ጥላ ያለው መተላለፊያ ይፈጠራል። የዚህ ዓይነት ቤት በሰሜን አፍሪካ፣ በአትላስ ተራሮችም ይገኛል፤ ተመሳሳይነቱን ለመረዳት ወደ ታሪኩ መመለስ ግድ ነው።

ግራናዳ እ.ኤ.አ. በ1492 ለንግሥት ኢሳቤላና ለንጉሥ ፈርዲናንድ እጇን ስትሰጥ፣ የመጨረሻው ሙስሊም ንጉሥ ቦአብዲል የአልፑሃራ መሬት ተሰጥቶት ጥቂት ከቆየ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሰሜን አፍሪካ ሄደ። ሕዝቡ ግን ቀረ። ሃይማኖቱን በግዴታ ከለወጠም በኋላ፣ የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ በ1567 የዓረብኛ ቋንቋውን፣ ልብሱንና ልማዱን የሚከለክል አዋጅ ሲያወጣበት በ1568 የገና ዋዜማ አመፀ፤ ጦርነቱ እስከ 1571 ዘለቀ። ከሽንፈቱ በኋላ «ሞሪስኮ» የተባለው ያ ሕዝብ ከአገሩ ተነቅሎ በካስቲል ምድር ተበተነ፤ በባዶዎቹ መንደሮችም ከሰሜን ስፔን የመጡ ሰፋሪዎች ገቡባቸው። ሰዎቹ ቢሄዱም የበረዶውን ውኃ ከተራራው አናት ወደ እርከኖቹ የሚያወርዱት የመስኖ ቦዮች ቀሩ፤ ዛሬም በመንደሮቹ ዙሪያ ስትሄዱ ከመንገዱ ዳር የምትሰሙት የውኃ ድምፅ የእነሱ ነው። ስለ ስፔን መንደሮች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ውብና ነጭ» ብሎ ማቆሙ ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ የቤቱን አሠራር ያመጡት ሰዎች የት እንደገቡ ሳይጠይቁ ቤቱን ማድነቅ ግማሽ ጉብኝት ነው።

ቅዳሜ መኪናችሁን ካፒሌይራ መግቢያ ላይ ባለው ማቆሚያ ትታችሁ ማደሪያችሁንም እዚያው አድርጉ፤ ወደ መንደሩ ውስጥ ይዞ መግባት ግን አይታሰብ፤ ጎዳናዎቹ የተሠሩት ለበቅሎ ነው። ከዚያ በቡቢዮን በኩል ወደ ፓምፓኔይራ የሚወርደውን የእግር መንገድ ያዙ። ፓምፓኔይራ 1,060 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች መመለሻው ዳገት መሆኑን አትርሱ፤ ምሳ በልታችሁ፣ «ሃራፓ» የሚባለውን ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሸመን ምንጣፍ አይታችሁ፣ ፀሐዩ ሲበርድ ውጡ። የበለጠ ለመራመድ ጉልበት ካላችሁ ከካፒሌይራ በስተላይ ወደ ሸለቆው ውስጥ የሚገባው መንገድ፣ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ሠራተኞች ተሠርታ ኋላ ባዶ እስከቀረችው ላ ሴባዲያ ድረስ ይወስዳል።

እሑድ በፒትሬስና በፖርቱጎስ በኩል ወደ ትሬቬሌዝ ንዱ። ፖርቱጎስ አጠገብ «ፉዌንቴ አግሪያ» የሚባል ብረት የበዛበትና በተፈጥሮው ጋዝ ያለው የምንጭ ውኃ አለ፤ አለቱን ቀይ አድርጎታል፣ ጣዕሙም አምቦ ውኃ ውስጥ ምስማር የተነከረ ያስመስለዋል። ትሬቬሌዝ የምትገኘው 3,479 ሜትር ከፍታ ባለው በሙላሴን ግርጌ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ተራራ በመላው የአይቤሪያ ልሳነ ምድር የለም። በሚያዝያ አናቱ በረዶ ስለማይለየው ከታች ሆኖ መመልከት ይበቃል። በዚያው መንገድ ተመልሳችሁ ማታ ማላጋ አጠገብ እደሩ። ባለቤትዎ «እግረ መንገዳችንን አልሃምብራን እንይ» ብለው በግራናዳ ያለውን የሙስሊም ነገሥታት ግንብ ቢያነሱ አይሁንላቸው፤ ትኬቱ ቀደም ብሎ ያልቃል፣ በውስጡ ወዳሉት የናስሪድ ቤተ መንግሥቶች የሚገባውም በተወሰነለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ግራናዳ ለራሷ ጉዞ ይገባታል።

መኪናውን በተመለከተ፦ ትንሽ መኪና ይምረጡ፤ አውቶማቲክ ከፈለጉ በስፔን በማርሽ የሚነዳው ስለሚያመዝን ቀደም ብለው ይያዙ። ማስያዣ ገንዘቡ በብዙ አከራዮች ዘንድ የሚታገደው በነጂው ስም ባለ ክሬዲት ካርድ ላይ ነው፤ ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ የሁለታችሁም ስም ውሉ ላይ መግባት አለበት።

ጥያቄ፦ ማድሪድ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። በዐቢይ ጾም ወደ አልፑሃራ መንደሮች መሄድ አስበናል፤ አገሩ ግን የአሳማ አገር ነው ሲባል ሰምተናል። ምን እንበላለን?

መልስ፦ የሰማችሁት እውነት ነው። ትሬቬሌዝ በቀዝቃዛና ደረቅ አየሯ የአሳማ ጭን ሥጋ አድርቃ በመላው አገሪቱ የምትሸጥ መንደር ስለሆነች ከምግብ ቤቶቹ ጣሪያ ሥጋው ተደርድሮ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። የአካባቢው ዋና ሰሃን የሚባለው «ፕላቶ አልፑሃሬኞ» ድንች፣ ዕንቁላል፣ የአሳማ ሥጋና ቋሊማ በአንድ ላይ የያዘ ነው፤ የትሬቬሌዝ ወንዝ ዓሣ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የአሳማ ሥጋ ተጨምሮበት ነው። የሚያድናችሁ «ፓፓስ አ ሎ ፖብሬ» ነው፤ ድንች ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ የበሰለ ሲሆን፣ ዕንቁላል እንዳይደረግበት ማዘዝ ብቻ ያስፈልጋል። «ሲን ሴርዶ» ማለት ያለ አሳማ፣ «ሲን ዌቮ» ማለት ያለ ዕንቁላል ነው። ሾርባና ጥራጥሬ ስታዝዙ በተለይ ጠይቁ፤ ለማጣፈጫ ተብሎ የሚገባው ቁራጭ ሥጋ እንደ ሥጋ ስለማይቆጠር አስተናጋጁ ላይነግራችሁ ይችላል። በፍስክ ጊዜ ከሆነ ደግሞ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰውን የፍየል ግልገል «ቾቶ አል አሂዮ» ሳትቀምሱ አትመለሱ።

ሰዓቱንም አስተውሉ። በእኛ አቆጣጠር ምሳ የሚቀርበው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ገደማ፣ እራት ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ በመካከሉ ወጥ ቤቱ ዝግ ነው። ሱቆችም ከቀትር በኋላ ለሰዓታት ይዘጋሉ፣ እሑድ ብዙዎቹ ጭራሽ አይከፍቱም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ግን የስፔን የምሳ ሰዓት ለእናንተ የተሰፋ ነው። የካቶሊኮቹ የሕማማት ሳምንት ከእኛው ጋር ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም ቀኑን አረጋግጡ፤ በዚያ ሳምንት አልጋ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ለአጭር ጊዜ ከባለቤቴ ጋር ወደ ስፔን እመጣለሁ። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዴ መኪና መከራየት እችላለሁ?

መልስ፦ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ከአገርዎ ሳይወጡ ያውጡ፤ ዋናው መንጃ ፈቃድዎ አብሮት ካልተያዘ ግን ብቻውን ዋጋ የለውም። አከራዮቹ የየራሳቸው የዕድሜና የልምድ መስፈርት ስላላቸው ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። ካልተሳካም ጉዞው አይቀርም፤ ከግራናዳ የአውቶቡስ ጣቢያ «አልሳ» የተባለው ድርጅት በላንሃሮንና በኦርሂቫ አድርጎ ወደ ፖኬይራ መንደሮች ይሄዳል። በቀን የሚሄደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓት ከመሳፈርዎ በፊት ይወቁ፤ በተራራው ላይ የሚቆም ታክሲም ብዙ የለም።