«በላ»ን «ቢላ» የሚያስመስል ጭረት

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ማተሚያ ቤት ውስጥ ገጽ አቀናባሪ ነኝ። አማርኛና ሲዳምኛ ጎን ለጎን ለሚወጡበት መጽሔት ፎንት እየሠራሁ ነው። ሲዳምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ሴሪፍ (በፊደሉ ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ ጭረት) ስላለው፣ የእኛም እንዲመስለው ብዬ በእግሮቹ ግርጌ ጭረት ጨመርኩ። በ36 ፖይንት ርእስ ላይ ያምራል፤ በ9 ፖይንት ግን «በ»፣ «ቢ» እና «ቤ» ተምታቱ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጭረቶቹን ያንሷቸው። በላቲን ሴሪፍ የፊደሉን ድምፅ አይነካም፤ በእኛ ፊደል ግን ከቀኝ እግር ግርጌ ወደ ቀኝ የወጣ ጭረት ሣልስ ነው፦ በ፣ ቢ፤ ከ፣ ኪ፤ ሰ፣ ሲ። የግዕዝ ፊደል የራሱ ሴሪፍ አለው፤ አፉ ሰፋ ያለ የመቃ ብዕር ብራና ላይ የሚተወው ያጋደለ ጫፍ ነው። እሱን ይጠብቁ። ከላቲኑ ጋር የሚያስማማው የግንዱ ውፍረትና የገጹ ጥቁረት ነው፤ ቁመቱን ከላቲን ትንንሽ ፊደላት ከፍ፣ ከትልልቆቹ ዝቅ ያድርጉት።

ቀጥሎ የጽሑፉንና የርእሱን ቅርጽ ይለዩ። የፖይንት መጠኑ በ1000 ክፍል ተከፍሎ በሚሣል ፎንት 18 ክፍል የሆነ ቀጭን መስመር በ36 ፖይንት 0.23 ሚሊሜትር ይወጣል፤ በ9 ፖይንት ግን 0.06 ብቻ ነው፤ ሲታተም ይቆራረጣል። ለጽሑፉ ወደ 40 ክፍል ያሳድጉት፤ ያኔ 0.13 ሚሊሜትር ይሆናል። በፊደላቱ መካከልም ክፍተቱን ላላ ያድርጉ። የርእሱ ቅርጽ ቀጭን መስመሩንና ጠባብ ክፍተቱን ይዞ መቆየት ይችላል።

የ«ቤ» ችግር ሌላ ነው። የኀምሱ ቀለበት ውስጡ ጠባብ ከሆነ፣ ልባስ ባልተቀባ ወረቀት ላይ ቀለም ይሰፋና ይደፍነዋል፤ «ቤ» «ቢ» ይሆናል። ለጽሑፉ የቀለበቱን ቀዳዳ ቢያንስ 60 ክፍል ያድርጉት፤ ቦታ ከጠበበ ቀለበቱን ወደ ቀኝ ገፍተው የፊደሉን ስፋት ይጨምሩ እንጂ ቀለበቱን አያጥቡት። 33ቱ ፊደላት በሰባት እርከን 231 ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር። ስለዚህ አንዱን ቀለበት ለሁሉም መገልበጥ ያጓጓል፤ ግን እንደ «ጤ» ባለ ባለሦስት እግር ፊደል ላይ እንደገና መመዘን አለበት።

ሲፈትሹ በቢሮ ፕሪንተር አይተማመኑ፤ ዱቄት ቀለሙ እንደ ኦፍሴት ቀለም አይሰፋም። መጽሔቱ በሚታተምበት ወረቀት ላይ በ8፣ 9 እና 10 ፖይንት «በላ»፣ «ቢላ»፣ «በራ»፣ «ቢራ» የመሳሰሉትን ቃላት ያለ ዐረፍተ ነገር፣ ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቀው ያትሙ፤ ሥራውን ያላየ ሰው ያንብብልዎ። የተሰናከለበትን ፊደል ነጥለው ያርሙ።