የሞተር ሳይክል ካቴና ጥገና በቤት፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምመልሰው ስለ ካቴናና ስለ ሁለቱ ጥርሶች (ካቴናው የሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ባለጥርስ ክብ ብረቶች) ብቻ ነው። መጀመሪያ ግን ይህን ያዙልኝ። ካቴና ስትነኩ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል። ጎማው የሚዞረው በእጅ ነው። ሞተር አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ ካቴና በጨርቅ የሚጠርግ ሰው ጣቱን ያጣል። ጥርሱ ጨርቁን ይነክሳል፣ ጨርቁ ጣቱን ይዞ ይገባል።

ከዲላ፦ ጋሼ፣ ሰው የማመላልስበት ቦክሰር ሞተር ሳይክል አለኝ። ካቴናው በየሳምንቱ ይላላል፣ አጠብቀዋለሁ፣ መልሶ ይላላል። አሁን ደግሞ ከፊት ጥርሱ ጀርባ ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሯል።

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ስለመጣ ደስ ብሎኛል። ሁለቱም ችግር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ካቴናን ከልክ በላይ ከማጥበቅ ነው።

ሞተሩ ባዶውን ቆሞ የምታየው መላላት ሊያታልልህ ይችላል። አንተና ተሳፋሪህ ስትቀመጡ ሞተሩ ወደ ታች ይሰምጣል። የፊት ጥርሱ መሃል፣ የኋላ ጎማውን የያዘው ሹካ መጋጠሚያና የጎማው ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) አንድ መስመር ላይ ሲውሉ የሁለቱ ጥርሶች ርቀት ከምንጊዜውም ይረዝማል። ካቴናው በጣም የሚወጠረው ያኔ ነው። ባዶውን 10 ሚሊሜትር ብቻ ትተህለት ከሆነ፣ ጭነህ ጉድጓድ ስትመታ የሚሰጠው ነገር የለውም። ያኔ ካቴናው ቶሎ ያልቃል፣ የካምቢዮው ዘንግ ኩሽኔታ ይጎዳል፣ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ዘይት መልቀቅ ይጀምራል። ሰው ግን ካቴናው ላላ ብሎ የበለጠ ያጠብቀዋል!

እንዲህ አድርግ። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል፣ ማርሹን ፎሌ (ባዶ ማርሽ) አድርግ። ጎማውን ቀስ እያልክ በእጅህ አዙር። በየሩብ ዙሩ ቁም፣ የታችኛውን መስመር መሃሉ ላይ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋው። ያገለገለ ካቴና እኩል አያልቅም፤ አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ ሌላው ጋ ይላላል። ከላይ እስከ ታች የሚወዛወዝበትን የምትለካው በጣም የጠበቀው ቦታ ላይ ነው። ለአስፋልት የተሠሩ ትናንሽ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ይፈልጋሉ፣ የገጠሮቹ ከዚያ በላይ። የአንተን ቁጥር መመሪያው ላይ ወይም ሹካው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብብ። ከዚያ ሁለት ሰው አስቀምጥና እንደገና ንካው። ትንሽ እንኳ ካልተወዛወዘ አላላው።

የግራና የቀኙ ማስተካከያ እኩል ይዙር፣ ምልክቶቹ እኩል ይሁኑ። የፔርኖውን ዳዶ ካሰርክ በኋላ ደግመህ ለካ፣ ሲታሰር ይለወጣልና። የኋላ ፍሬንህ በዘንግ የሚሳብ ከሆነ እሱንም አስተካክል። ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ ፍሬኑ ይጠብቃል።

ከሐዋሳ፦ ካቴናውን ብቻ ቀይሬ ጥርሶቹን ብተዋቸውስ? ደህና ናቸው።

መልስ፦ ደህና መሆናቸውን በምን አወቅክ? ጫፋቸው እንደ ማጭድ ወደ አንድ ጎን ከታጠፈ አልቀዋል። ባለቀ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ከጫንክ አዲሱን ይበላዋል። ሦስቱም አብረው ይቀየሩ።

የካቴናውን መድከም በሜትር ለካ። 428 የሚል ከተጻፈበት ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ሌላው 12.7 ሚሊሜትር ነው። ካቴናውን ወጥረህ ከመጀመሪያው ፒን እስከ 21ኛው ለካ። አዲስ ሲሆን 254 ሚሊሜትር ነው፣ 259 ከደረሰ ጣለው። ሜትር ከሌለህ ካቴናውን ከኋላ ጥርስ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ሳበው። ግማሽ ጥርስ ከታየህ አልቋል።

ከመቀሌ፦ ሞተሬ ከኋላ ይጮኻል። ምን ይሁን?

መልስ፦ የቱ ሞተር? ስትነሳ ነው ስትቆም? በዚህ ብቻ መልስ መስጠት አልችልም።

ከአዳማ፦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብቀባውስ?

ከሻሸመኔ፦ እኛ ሰፈር ሁሉም የሚቀባው እሱን ነው። አንድም ካቴና ሲበጠስ አላየሁም።

ከወላይታ ሶዶ፦ አለመበጠሱ ምን ይጠቅማል? ቶሎ ያልቃል እኮ። በእኛ አቧራ ጭራሽ ዘይት ባይነካው ይሻላል።

ከአዲስ አበባ፦ በ2011 እዚህ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ከተከለከለ ወዲህ ለሞተር ይህን ያህል መልፋት ምን ዋጋ አለው?

ከወላይታ ሶዶ፦ እኛ አዲስ አበባ አይደለንም። እዚህ ሞተር እንጀራ ነው።

መልስ፦ የፈቃዱን ነገር ሌላ ቦታ ተነጋገሩበት። የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዟል፣ ለቆዳም ጎጂ ነው። በደረቁ መንዳትም አይሆንም፣ ብረት ብረትን ይበላል። ንጹሕ 90 ዘይት (የካምቢዮ ዘይት) ተጠቀሙ። ካቴናውን በላምባና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ። በቤንዚን አይሆንም። በየመጋጠሚያው ቀጭን የጎማ ቀለበት ካለው የሽቦ ብሩሽ አይንካው፣ ቀለበቱ ከተቆረጠ ውስጡ ያለው ግራሶ ይወጣል። ዘይቱን በውስጥ በኩል አንጠባጥቡና ትንሽ ቆይታችሁ ውጪውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። አቧራ የሚይዘው ውጪ የቀረው ነው። ስትጠርጉም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ!

ከጎጃም፦ የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ያማሃ ኤጂ 100 ነው የተሰጠኝ፣ ካቴናው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። እኔም ልነካው ነው?

መልስ፦ አዎ እህቴ። ሽፋኑ ከጭቃ ስለሚጠብቀው ረጅም ጊዜ ያገለግልሻል፣ ግን እሱም ይላላል፣ ይደርቃል። መለኪያ ቀዳዳ ካለው በዚያ በኩል ለኪ፣ ከሌለው ሽፋኑን ፍቺው። ወንዝ ከተሻገርሽ ውስጡን እዪው።

ከደሴ፦ ዳገት አልወጣ ብሎኛል። የፊቱን ጥርስ በአንድ ብቀንስስ?

መልስ፦ ይሆናል። ፊት 15 ኋላ 45 ከሆነ ምጥጥኑ 3 ነው። ፊት 14 ብታደርገው 3.2 አካባቢ ይሆናል። ኋላ ሦስት ጥርስ እንደመጨመር ማለት ነው። ዳገት ላይ ይረዳሃል፣ ሜዳ ላይ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል። መጀመሪያ ግን ፍሪሲዮንህ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው) አለመንሸራተቱን አረጋግጥ።

ከዋሽንግተን፦ የእኔ ሃርሊ ሞተር ሳይክል በካቴና ሳይሆን በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው የሚሠራው።

መልስ፦ ቺንጋ አልሠራም። ዘይት አታስነካው።

ከጅማ፦ ባጃጅ ላይስ?

መልስ፦ ባለሦስት እግሩ ካቴና የለውም።

ከሐረር፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ሱቅ ጠይቅ።

ከአርባ ምንጭ፦ ካቴናዬ ቶሎ ቶሎ ይላላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለዲላው ልጅ የጻፍኩትን ከላይ አንብብ። እስከመጨረሻው። ሰው አስቀምጠህ ለካ ያልኩት ለአንተም ነው።

ከሐዋሳ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። የካቴናው መጋጠሚያ ክሊፕ አፉ ወዴት ይዙር?

መልስ፦ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት። በላይኛው መስመር ላይ ሲሆን ወደ ፊት ማለት ነው። ክፍቱ ከፊት ከሆነ የሆነ ነገር ሲነካው ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ካቴናውም በመንገድ ላይ ይፈታል። በፒንሳ ቀስ ብለህ ግፋው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ቀጭ ይላል። ከዚያ ጎማውን በእጅህ አዙረህ ደግመህ እየው።