ጃፓን ከሄዳችሁ ኦንታ ሳትደርሱ አትመለሱ

ጃፓን ልሄድ ነው ለሚለኝ ሁሉ ቶኪዮ ምን እንደሚያይ አልነግረውም፤ እሱን ማንም ይነግረዋል። እኔ የምለው ኦንታ ሂድ ነው። ኪዩሹ ደሴት ላይ፣ በኦይታ ግዛት፣ ከሂታ ከተማ ወጣ ብላ ተራራ መሃል ያለች የሸክላ ሠሪዎች መንደር ናት። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1705 ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ጥቂት ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ ይዘውታል።

ገና ከመኪና ሳትወርዱ «ዱም» የሚል ድምፅ ይቀበላችኋል። እኔ ድግስ ያለበት ቤት በርበሬ የሚወቀጥ መስሎኝ ነበር። ለካስ ወቃጩ ወንዙ ነው! አንድ ጫፉ እንደ ገበቴ የተቦረቦረ ትልቅ ግንድ ውሃ ሲሞላ ያዘነብላል፤ ውሃው ሲደፋ ሌላው ጫፍ ወርዶ አፈሩን ይደቁሳል። ካራኡሱ ይሉታል። ሌሊትም አያርፍም። አፈሩ እንዲህ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወቀጥና በውሃ ተጣርቶ፣ በእግር በሚዞር መንኮራኩር ተሠርቶ፣ በማገዶ ይተኮሳል። ዕቃው ላይ የሠሪውን ስም ብትፈልጉ አታገኙም፤ የመንደሩ ሥራ ነው።

እዚያ ቆሜ ሆድ ባሰኝ። እኛ ምጣዷንና ጀበናዋን እየገዛን ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን ስንሸሽ የኖርን ሰዎች ነን፤ እስራኤል ያላችሁ የቤተ እስራኤል ልጆች ይህን ከእናቶቻችሁ ሰምታችኋል። የኦንታን ሙያ ግን የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995 የአገር ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ከፉኩኦካ ሂታ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከሂታ ወደ መንደሯ የሚሄደው ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ ያዙ፤ እኔ ሳላይ ቀርቼ የታክሲ ዕዳ ውስጥ ገብቻለሁ። መኪና ለመከራየት ካሰባችሁ፣ ጃፓን የምትቀበለው እ.ኤ.አ. በ1949 የጄኔቫ ስምምነት የተሰጠ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ነው። ጀርመንና ፈረንሳይ ያላችሁ ደግሞ በዚያ ፈንታ የአገሩን መንጃ ፈቃዳችሁን ወደ ጃፓንኛ ማስተርጎም አለባችሁ። የሚነዳው በግራ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ኦክቶበር ላይ የሸክላ ገበያ አላቸው፤ ግን ግርግር ነው፣ እኔ ተራ ቀን እመርጣለሁ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ዋጋ አትከራከሩ፣ እንደ መርካቶ አይደለም። ሱቁ ውስጥ ሰው ካጣችሁ ሠሪው ጓሮ ጭቃ ላይ ነውና «ሱሚማሴን» (ይቅርታ) ብላችሁ ተጣሩ። ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ገና ያልተተኮሰ ዕቃ ግን እንዳትነኩ።

ስትመለሱ ዕቃውን በእጃችሁ ያዙት። እኔ ሁለት ሳህን በጋቢ ጠቅልዬ ከጎኔ ሳልለይ አመጣሁ። በትልቁ ሻንጣ የላክሁት ሦስተኛው ገል ሆኖ ደረሰ።