ጆሮና ጩኸት፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ጆሮ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ዘነበ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ዕድሜዬን ወፍጮ ቤት ነው የሠራሁት። ሰው ሲያወራ ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም። መድኃኒት ተገኘ ይባላል፤ እውነት ነው?

ጋሼ፣ በጩኸት የሄደን መስማት የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ፤ በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ። ቀድመው የሚጎዱት ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት ናቸው። እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ድምፆች የሚጠፉብዎት ለዚህ ነው። የሰው አንዴ ከሞተ አይተካም። የዶሮ ግን ይተካል! ይህ በ1980ዎቹ ከታወቀ ጀምሮ ተመራማሪዎች የሰውንም ለማስበቀል እየታገሉ ነው። ኤፍኤክስ-322 የሚባል፣ በታምቡር በኩል በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2023 መድኃኒት ከሌለበት መርፌ ስላልተሻለ ተቋረጠ። ስለዚህ «አድናለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎት ካለ ኪስዎን ይጠብቁ። መጀመሪያ ይመርመሩ፤ ኩክ ብቻም ሊሆን ይችላል። ካልሆነ የሚያዋጣዎት የመስሚያ መሣሪያ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ አስቀድሞ ተውጦ የሚከላከልስ?

እየተሞከረ ነው። በ2017 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። 83 ወጣቶች ኤብሰለን የሚባል መድኃኒት ወይም መድኃኒት የሌለበትን አስመሳዩን እየወሰዱ፣ ለ4 ሰዓት ከፍተኛ ሙዚቃ ሰሙ። 400 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ ጊዜያዊው የመስማት መቀነስ በ68 በመቶ አነሰ። የሚገርመው 600 ሚሊግራሙ ያን ያህል አልሠራም። ልብ በሉ፣ የተለካው ጊዜያዊው ጉዳት ነው። ሆን ብሎ ሰው አደንቁሮ መሞከር አይቻላ! የዚህ ዘርፍ ትልቁ ፈተና ይሄው ነው። ቋሚውን ለማየት በሥራቸው ጩኸት ውስጥ የሚውሉ ሰዎችን፣ ወታደሮችን ለምሳሌ፣ ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል። ለዚህ ጉዳት የጸደቀ ክኒን ገና የለም።

ከባሕር ዳር፦ ሠርግ ላይ ስፒከር ሥር ነው የማመሸው። ጆሮዬ ይጮኻል፤ በነጋታው ይተወኛል። ችግር አለው?

አለው ወንድሜ። በ2009 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት የብዙዎችን ሐሳብ ቀየረ፦ ከፍተኛ ጩኸት ከሰሙ በኋላ መስማታቸው ተመለሰ፣ ነርቩ ከሴሎቹ ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦች ግን ግማሽ ያህሉ እስከወዲያኛው ጠፉ። ለሥራ ቦታ የሚመከረው የጩኸት ገደብ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሃል፤ የጎጃም ሠርግ ደግሞ በ15 ደቂቃ አያልቅም።

ጥጥ ብወትፍስ?

ጥጥ አይረባም። የስፖንጁን መድፈኛ አቅጥነህ ጠቅልል፣ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ አስገባው፤ እስኪነፋ በጣትህ ያዘው።

የቡሄ ጅራፍስ?

ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው እንዲያ የሚጮኸው። ልጆቹ ያጩኹ፤ ሰው ጆሮ ሥር ግን አይሁን።

ጥይት አጠገቤ ተተኩሶ አንድ ጆሮዬ ደፈን አለ። ጤና አዳም ላንጠባጥብበት?

በፍጹም! ታምቡሩ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሂድ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ሊያዝልህ ይችላል፤ ለሁሉም ባይሠራም፣ የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።