በዚህ ዋጋ ውስጥ ምን ምን አለ? (ባሕር ዳር ለመምጣት ለጠየቀችው እኅታችን)

ጥያቄውን ላላያችሁት፦ እኅታችን ከአዲስ አበባ ከቤተሰቧ ጋር ስድስት ሆነው ለአራት ቀን ባሕር ዳር ሊመጡ ነው። እናታቸው አብረው አሉ፤ ከአሜሪካ የመጣ ወንድምም አለ። የጣና ሐይቅ ገዳማት ያሉበትን ዘጌንና የጢስ አባይን ፏፏቴ ማየት ይፈልጋሉ፤ «የት የት ላይ ነው የምንታለለው?» ነው ያለችው።

በዚህ ከተማ እንግዳ ብሩን የሚያጣው ኪሱ ተፈትሾ አይደለም፤ እሱ እንደየትኛውም ከተማ ነው። ብሩ የሚሄደው ዋጋ ሲነጋገሩ ሳይነሣ በታለፈ ነገር ነው። «ጀልባው ይህን ያህል» ይባላል፣ እሺ ትላላችሁ፤ ሒሳብ ላይ ስትደርሱ የመጠበቂያ፣ የነዳጅ፣ የአስጎብኚ እየተባለ ይጨመራል። ማንም አልዋሻችሁም፤ አልጠየቃችሁም ብቻ። ስለዚህ ከዋጋው በፊት «በዚህ ውስጥ ምን ምን አለ?» በሉ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ነዳጅ በተነካ ቁጥር ስለሚቀያየር ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ ያጣላችኋል።

ጀልባ ላይ ላስረዝም። ሆቴል በር ላይ ወይም ሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ «ጀልባ ፈልጋችሁ ነው?» እያለ የሚጠጋችሁ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ደላላ እንጂ ባለጀልባ አይደለም። ደላላ መሆኑ ነውር የለውም፤ ኮሚሽኑ ግን ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው። ከኮሚሽኑ የሚብሰው ደግሞ ሁለት ውል መፈጠሩ ነው፦ ደላላው ለእናንተ «ሦስት ገዳም» ብሎ ይሸጣል፣ ለካፒቴኑ «ሁለት ናቸው» ብሎ ያስረክባል። ክርክሩ የሚነሣው ሐይቁ መካከል ነው፣ ደላላው ደግሞ እዚያ የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጀልባዎቹ ወደሚነሡበት ወደብ ሄዳችሁ፣ ውሉን ራሱ ሞተሩን ለሚነዳው ሰው አንድ በአንድ ድገሙለት። ስልካችሁ ላይ ጻፉትና አሳዩት፤ ፊርማ አያስፈልግም፣ መጻፉ ብቻውን ያርመዋል።

ምን ይጻፍ? መጀመሪያ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ። ስድስት ሰው ሆናችሁ «አምስት መቶ» ስትባሉ ለጀልባው መስሏችሁ እሺ ካላችሁ፣ ስትመለሱ «በሰው ነው እኮ ያልኩት» ትባላላችሁ፤ ሂሳቡ ሦስት ሺህ ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ የምትሄዱበት ቦታ በስሙ ይጻፍ። «ሦስት ገዳም» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ደብረ ማርያምና እንጦስ ኢየሱስ ቅርብ ናቸው፤ ዘጌ ግን በተለመደው ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሦስቱንም ከቅርብ መርጦ ነዳጅ የቆጠበ ካፒቴን ቃሉን አላጠፈም። «ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ሲመለሱ እንጦስ» ብላችሁ ጻፉ። ኡራና አዝዋ ከአንድ ማረፊያ በእግር ስለሚደረሱ ሁለተኛው ተጨማሪ ነዳጅ አይጠይቅም፤ በዚህ ምክንያት ጨምሩ ቢላችሁ አትስሙ። የአባይ መውጫና ጉማሬም ካማራችሁ አሁኑኑ ይካተት። ስትመለሱ «ጉማሬ ላሳያችሁ?» የሚለው ግብዣ ነፃ አይደለም፤ ጉማሬዎቹም ቀጠሮ አያከብሩም።

ከዚያ የመጠበቂያው ሰዓት። ለዘጌ ደርሶ መልስ የአራት ወይም የአምስት ሰዓት ጊዜ ብትይዙ እናታችሁ ሳይቻኮሉ ይሄዳሉ። የሞተሩ ጉልበት ሽፋኑ ላይ 15፣ 25 ወይም 40 ተብሎ ተጽፏል፤ «ፈጣን ጀልባ» ተብሎ ተጨማሪ የሚጠየቅ ከሆነ ቁጥሩን እዩ። ላይፍ ጃኬት ደግሞ ቁጠሩ፦ ለስድስት ሰው ስድስት፣ ማሰሪያው የማይላላ። «ታች ውስጥ አለ» ካሏችሁ ይውጣና ይለበስ።

ክፍያው እንዲህ ቢሆን ደግ ነው፦ ለነዳጅ ሲነሡ ግማሹ፣ ቀሪው እግራችሁ ባሕር ዳር መሬት ሲረግጥ፣ ሁለቱም ለካፒቴኑ እጅ። ሙሉውን ቀድሞ የተቀበለ ሰው አዝዋ ማርያምን «ተዘግቷል» ለማለት ይቀለዋል። በእርግጥ አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ቁልፍ ያዡ አባት ራቅ ብለው ይሄዳሉ፤ በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ለጉብኝት የማይመች ሰዓት አለ። ለማጣራት ማረፊያው ላይ ውረዱና ከገዳሙ ሰው ራሳችሁ ጠይቁ፤ ከጀልባ ላይ ሆኖ የሚነገር «ተዘግቷል» ሚዛን አይደፋም። «መንገዱን እንቦጭ ዘግቶታል» ሲባልም ስትሰሙ ፈገግ በሉ። እንቦጩ በብዛት ያስቸገረው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚወስደው ደግሞ በምዕራብ በኩል ነው።

እናንተን በተለይ የሚነካ አንድ ነገር፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ይህን ሳይናገር ለቤተሰብ የሚሸጥ ደላላ አለ፤ ወንድማችሁ ገብቶ ሲያይ እናንተ ከእናታችሁ ጋር ጀልባ ላይ ፀሐይ ትሞቃላችሁ፣ ዋጋው ግን ለስድስት ሰው ነው። ዳጋ በዚያ ላይ ሩቅ ነው፤ ደቅ ደሴት አጠገብ ስለሆነ ሙሉ ቀን ይበላል። ዳጋ ያለውን የነገሥታት አስከሬን ለማየት የጓጓ ወንድም ካለ ለብቻው ቀን ይያዝለት። በደቅ ያለችው የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ግን ለሴትም ክፍት ናት።

ዘጌ ማረፊያ ስትደርሱ መኪና ማቆሚያ ላይ እንደምታዩት ግርግር ይጠብቃችኋል። ወደ ኡራ ሃያ ደቂቃ ያህል ዳገት አለ፣ ግራ ቀኙ የዕቃ መደብ ነው። የመግቢያ ክፍያው ከጀልባው የተለየ ነው፤ በየገዳሙ ለየብቻ ይከፈላል፣ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ አንድ አይደለም። ወንድማችሁ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለው ይዞት ይምጣ፣ መጠየቅ አይከፋም። ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ የሌለው «የማኅበር»፣ «የመንገድ»፣ «የካሜራ» ክፍያ መንገድ ላይ ከተጠየቃችሁ «ትኬት ቤት እንከፍላለን» በሉና እለፉ፤ ሕጋዊ ከሆነ እዚያም ይገኛል። አስጎብኚ ከወሰዳችሁ ክፍያው ለቡድኑ እንጂ በነፍስ ወከፍ አለመሆኑን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሥዕሎቹን የሚያውቅ ሰው ዋጋው ይገባዋል፤ ግድግዳውን ያለ አስረጂ ዞሮ መውጣት ለእኔ ብር እንደ መጣል ነው። ሳይጠራ አጠገባችሁ እየሄደ «ይህ ቡና ነው፣ ይህ ጌሾ ነው» የሚል ልጅ ግን ዳገቱ ጫፍ ላይ ሒሳብ አለው። ከመጀመሪያው «አመሰግናለሁ፣ ብቻችንን እንሄዳለን» ብትሉት እሱም ሌላ እንግዳ ያገኛል፤ ዝም ማለታችሁ ግን እንደ ውል ይቆጠራል።

መደቡ ላይ «የድሮ ብራና» ይቀርብላችኋል። አብዛኛው አዲስ የፍየል ቆዳ ነው፤ ጭስ ላይ ሰቅለው፣ ቡና አስነክተው ያስረጁታል። አሽቱት፦ የጭስ ሽታው ትኩስ ከሆነ፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ካለ፣ ቀለሙም እጥፋቱ ላይ ካልሳሳ ዕድሜው አጭር ነው። ለጌጥ ከወደዳችሁት በጌጥ ዋጋ ግዙት። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ወንድማችሁ ቦሌ ላይ ይነጠቃል።

ጢስ አባይ ዋናው ማታለያ ወቅት ነው። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ውኃው ግን የኃይል ማመንጫ ስላለ ከላይ ይወሰዳል። የመጀመሪያው ጣቢያ በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ የጀመሩ ናቸው (በአውሮፓ አቆጣጠር)። በመጋቢት የሄደ ሰው ቀጭን ፈሳሽ አይቶ ይመለሳል፤ ሹፌሩ ደግሞ «ዛሬ ለቀውታል» ብሎ ነው የወሰደው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከሆነ አትጨነቁ። ከዚያ ውጭ ከሆነ «ዛሬ የተነሣ ቪዲዮ ከጓደኛህ አስልክልኝ» በሉት፤ ከለቀቁት ያለ ችግር ይመጣል። ትኬቱ የሚቆረጠው ከፏፏቴው በፊት፣ ጢስ አባይ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሳትቆርጡ ካለፋችሁ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ፣ መንገድ ላይ «እኔ ልቁረጥላችሁ» የሚልም አይጠፋም። መሻገሪያ ጀልባ ከወሰዳችሁ «ደርሶ መልስ» የሚለው ቃል ይነገር። የመሄጃውን አርክሶ ተስማምቶ የመመለሻውን ማዶ ላይ የሚያስወድድ አለ፤ ማዶ ላይ ደግሞ ምርጫ የላችሁም። እናታችሁ መውጣትና መውረድ የሚከብዳቸው ከሆነ ግን በአላታ ድልድይ (በጥንቱ የድንጋይ ድልድይ) ከሚያልፈው የእግር መንገድ ይልቅ ጀልባው ይሻላል።

አሁን ሳትነሡ የሚሆነው ማታለል፦ የሆቴል ቀብድ። የታወቀ ሆቴል ፎቶ ለጥፎ «ለበዓል ልዩ ቅናሽ፣ ሐይቅ የሚያይ ክፍል፣ ቀብድ በቴሌብር» የሚል ገጽ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። ክፍሉን የምትይዙት በገጹ ስልክ አይሁን፤ የሆቴሉን በ058 የሚጀምር መደበኛ ስልክ ከሌላ ቦታ አግኝታችሁ ደውሉ። ገንዘብ ስትልኩ ከማረጋገጫው በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል፤ እዚያ ላይ የግለሰብ ስም ካያችሁ አቁሙ። በተቃራኒው ደግሞ «በስሕተት ልኬላችሁ ነበር፣ መልሱልኝ» የሚል መልእክት ቢመጣ፣ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 መሆኑን እዩ፣ *127# ደውላችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን ቁጠሩ። ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፣ ይህ ላይ ድርድር የለም።

አሳ ቤት ላይ ሁለት ነገር። ሙሉ ጥብስ ስታዙ ጥሬውን አሳ አስመጡ፤ ጉንጩ ውስጥ ቀይ፣ ዐይኑ ጠራ ያለ ይሁን፣ ዋጋውም ዘይት ውስጥ ሳይገባ ይነገር። ለብለብ፣ ኮትሌትና ጉላሽ ላይ ግን ቀረሶ ይሁን አምባዛ በዐይን አይለይም፣ ዋጋቸው ግን ይለያያል። እንደ አምባዛ ቅርፊት የሌለው አሳ የማይበሉ እናት ካሉ ጉዳዩ ከዋጋም በላይ ነው፤ በግልጽ ጠይቁ። ትልልቆቹ ቦታዎች ላይ ደግሞ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ መጨረሻው አይደለም፦ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር የ1000 ብር ምግብ 1265 ይሆናል። በእጅ በተጻፈ ወረቀት ቫት ከተጠየቃችሁ የማሽን ደረሰኝ ጠይቁ።

ባጃጅ ስትይዙ «በመስመር ነው ወይስ ኮንትራት?» በሉ፣ ሻንጣ ሳትጭኑ። የሰዓት ገደብ ያለበት ሰሞን ማምሻውን ዋጋ ይንራል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ግቡ፤ የመንገዱን ሁኔታም ከመነሣታችሁ በፊት ከሆቴሉ አጣሩ። አዝማሪ ቤት ከሄዳችሁ መጠጡን በየዙሩ ክፈሉ፤ ሳታዙ ለጨፋሪዋ የተቀዳው ሒሳባችሁ ላይ እንዳይገኝ። ወንድማችሁ ዶላር መንገድ ላይ አይመንዝር። ባንኩ አለ፣ መንገድ ላይ የሚሰጠው ብር መሐል ደግሞ በ2013 የተተኩት የድሮ ሃምሳና መቶ ብሮች ቢገቡበት አይለያቸውም።

ሐይቁ ውስጥ «እዚህ ጋ ቢልሃርዝያ የለም፣ ግቡ» የሚላችሁንም አትመኑ። ጣና ቢልሃርዝያ አለበት፣ በዐይን ደግሞ አይታይም።

የጀልባ ቀጠሮ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ይሁን። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉ ትንንሾቹን ጀልባዎች ያንገላታል፣ ካፒቴኑም መንገዱን ያሳጥራል። ለወንድማችሁ ብቻ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ንገሩት፤ ስልኩን አይቶ 2 ሰዓት ብሎ ቢመጣ እኛ ጋ 8 ሰዓት ነው፣ ጀልባው እሱን ሲጠብቅ ሐይቁ ቀድሞ ይነሣል።