አዲስ የሙዚቃ ማጫወቻ ሠርታችሁ የገበያውን መሪ ልትገዳደሩ ላሰባችሁ

ኤሌክትሮኒክስ ስፈታና ስገጥም ነው ፀጉሬ የሸበተው። ወጣቶች "የኛ ዕቃ ከመሪው ይበልጣል" ብለው ሲመጡ ብዙውን ጊዜ ሠንጠረዥ ያሳዩኛል። ባትሪያችን ይቆያል፣ ስክሪናችን ይሰፋል፣ ዋጋችን ይቀንሳል። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ይዤ ብዙ ደጅ አንኳኩቻለሁ፣ ጉጉቱ በደንብ ይገባኛል።

እስቲ ዙን የተባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ ነገር ተመልከቱ። ማይክሮሶፍት ዙንን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ፣ የአፕል ማጫወቻ አይፖድ ገበያውን ጠቅልሎ በያዘበት ሰዓት ነው። መናኛ ዕቃ አልነበረም። 30 ጊጋባይት ይይዛል፣ ስክሪኑ ከአይፖዱ ይሰፋል፣ ሬዲዮም ዋይፋይም አለው። በሠንጠረዥ ቢሆን ኖሮ ያሸንፍ ነበር። በ2011 ግን ምርቱ ቆመ።

ዋይፋዩን ብቻ እንይ። አጠገባችሁ ላለ ጓደኛ ዘፈን በአየር ትልካላችሁ፣ ግሩም ሐሳብ ነው። የተላከው ዘፈን ግን ሦስት ጊዜ ከተደመጠ ወይም ሦስት ቀን ከሞላው በቃ፣ አይከፈትም። ጓደኛችሁም የግድ ዙን ሊኖረው ይገባል። አብዛኛው ሰው ሌላ ዕቃ ይዞ ሳለ ለማን ነው የሚላከው?

ከዚህ የሚብሰው የዘፈኖቹ ጉዳይ ነው፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው። አፕል ከ2003 ጀምሮ አንድ ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ ነበር። እነዚያ ዘፈኖች ያኔ ተቆልፈው ይመጡ ስለነበር በሌላ ኩባንያ ማጫወቻ አይሠሩም ነበር። እንግዲህ 200 ዘፈን የገዛ ሰው ዕቃ ልቀይር ሲል ወደ 200 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ጥሎ ሊሄድ ነው፤ ካልሆነም ዘፈኖቹን ወደ ሲዲ ገልብጦ፣ ከሲዲው መልሶ ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ፣ አንድ በአንድ ሲያስተካክል ሊከርም ነው። ማን ይሞክረዋል? ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ ለሌሎች አምራቾች ባዘጋጀው ቁልፍ የተሸጡ ዘፈኖችም ዙን ላይ አይጫወቱም ነበር። ቀድሞ አምኖት ዘፈን የገዛው ሰው ሳይቀር ከዜሮ ጀምር ተባለ ማለት ነው።

ታዲያ መሪ አይነካም ማለቴ አይደለም። አይፖድም እኮ የመጀመሪያው ማጫወቻ አልነበረም። ከ1998 ጀምሮ ሌሎች በገበያ ላይ ነበሩ። በ2000 የወጣው የክሪኤቲቭ ኩባንያ ማጫወቻ፣ ኖማድ ጁክቦክስ፣ 6 ጊጋባይት ነበረው፣ በ2001 የመጣው አይፖድ ግን 5 ብቻ። ዋጋውም 399 ዶላር፣ ያውም ከማክ ኮምፒውተር ጋር ብቻ የሚሠራ! በሠንጠረዥ ቢታይ ተሸናፊ ነው። ግን ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አውራ ጣት ከፊቱ ያለውን ክብ ስታዞር ረጅሙ የዘፈን ዝርዝር ሽው ብሎ ያልፋል። ከሁሉም በላይ ፋየርዋየር የተባለ ፈጣን የኮምፒውተር ማገናኛ ነበረው። የዚያን ጊዜ ዩኤስቢ ዘፈን ሲጭን ሰዓታት ይፈጅ ነበር፤ አፕል 1000 ዘፈን ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይገባል አለ። ሰው የሚሰቃይበትን ቦታ አገኙት።

በኋላም ቢሆን አይፖድን የጣለው የተሻለ ማጫወቻ ሳይሆን ስልክ ነው፣ የአፕልን የራሱን ስልክ ጨምሮ። በ2022 አፕል አይፖድን ጨርሶ ተወው።

ስለዚህ ለኔ ሠንጠረዥ አታምጡልኝ። የመሪውን ዕቃ ለዓመታት የተጠቀመ አንድ ሰው ፈልጉና ከጎኑ ቁጭ በሉ። ሙዚቃውን በሙሉ ወደ እናንተ ዕቃ እንዲያዛውር ለምኑት። እናንተ አትርዱት፣ ምንም አትናገሩ። የት ጋ እንደቆመ፣ የት ጋ በረጅሙ እንደተነፈሰ፣ ምን ሲጠፋበት "ተዉት በቃ" እንዳለ ጻፉ። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።