መልስ፦ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዝርዝሬን ሶርት ሳደርገው (ስደረድረው) ለምን “ነን” (None) ይለኛል?

ዝርዝሩን ያጠፋኸው ራስህ ነህ። የፓይተን ሶርት ዝርዝሩን እዚያው ባለበት ይደረድረዋል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይመልስም። የሚመልሰው “ነን” ነው፤ “ምንም የለም” እንደማለት። አንተ ደግሞ “ዋጋዎች” ለሚባለው ዝርዝርህ “ዋጋዎች እኩል ይሆናል ዋጋዎች ነጥብ ሶርት” ብለህ የተደረደረውን በነን ተካኸው።

የእኩል ምልክቱንና ከሱ በፊት ያለውን አጥፋ፤ ሶርትን ብቻውን ጥራው። የድሮው ቅደም ተከተል እንዲቀርልህ ከፈለግክ ግን ሶርትድን ተጠቀም። እሱ አዲስ ዝርዝር ይሰጥሃል።

“ማኑዋሉን ሦስት ሳምንት ሙሉ አነበብኩ፣ ይሄን አላየሁም” ላልከው፣ አለ። የማኑዋሉ መማሪያ ክፍል (ቱቶሪያሉ) ምዕራፍ 5 ላይ፣ ከዝርዝር ምሳሌዎቹ ቀጥሎ ያለች አጭር አንቀጽ ናት። እኔም ዘልያት ነበር። ቱቶሪያሉን ኮድ እየጻፍክ ጨርስ። የላይብረሪውን ክፍል (የዝግጁ ትእዛዞቹን ማጣቀሻ) ግን እንደ ልቦለድ ከገጽ አንድ አትጀምረው፤ ሲቸግርህ ብቻ ክፈተው።

ደግሞ ፓይተን ውስጥ ሄልፕ ብለህ ቅንፍ ውስጥ “ሊስት ነጥብ ሶርት” ጻፍ። ደርድሮ ነን እንደሚመልስ በአንድ መስመር ይነግርሃል፣ ያውም ያለ ኢንተርኔት።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ የምታነበው የየትኛው ቨርዥን እንደሆነ መጀመሪያ እይ። እኔ በፍላሽ የተሰጠኝን ፒዲኤፍ ይዤ ሁለት ቀን ስዳክር ከረምኩ፤ ለካ የፓይተን 2 ኖሯል። እሱ ደግሞ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ አብቅቷል። ፕሪንት የሚለው ትእዛዝ ያለ ቅንፍ ተጽፎ ካየህ የፓይተን 2 ነውና ዝጋው።